ሰማንያ ስምንት ሳሕን

ያን ቀን በቤቱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። እኔ ነበርኩ። የሁለት ዓመት ልጄ ነበረች፤ ከማራገቢያው ሥር ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ሸሪኬ ነበረች፤ ከእኔ ጋር አንድ ዓመት ከአራት ወር ምሳ እያበሰለች ስትሸጥ የቆየች፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነች የወሎ ልጅ። ሂሳባችንን ሊለይልን የመጣው ሰውዬ ነበረ፤ ሁሉም በዐረብኛ ሙሐሲብ፣ ሂሳብ አዋቂ፣ ይለዋል። የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ነበረች፤ ከጧት ጀምራ በሩ ላይ ወንበር አስቀምጣ ኪራይዋን ትጠብቃለች። ባለቤቴ አልነበረም። የውሃ ቦቴ ሾፌር ስለሆነ በዚያ ዕለት ወደ ተራራው፣ ወደ አር-ሪስ፣ ውሃ ይዞ ወጥቷል።

ይህን የምዘረዝረው ኋላ ላይ ሰዎች ነገሩን ሲያወሩ ግቢው በሕዝብ ተሞልቶ እንደነበረ አድርገው ስላወሩት ነው። አልተሞላም። ከአምስታችን ደግሞ እውነቱን የምናውቅ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና እሷ።

ሥራችን በሳዑዲ፣ ከየመን ድንበር አጠገብ ባለችው በአል-ሙወሰም፣ ከዋናው መንገድ ሁለት ቤት ገባ ብሎ፣ እኔ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ነበር። አንድ ቀን ሩዝ በምስር፣ አንድ ቀን ሽሮ፣ ዓርብ ዓርብ ዶሮ። ክዳን ባለው ሳሕን እያደረግን ለጋራዥ ሠራተኞች፣ ለፅዳት ሠራተኞች፣ ወደ ጡዋል ድንበር ለሚያልፉ የጭነት መኪና ረዳቶች እንሸጣለን። አንዱ ሳሕን አሥር ሪያል ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለውም የሌለውም ይገዛል፤ ሆድ ወረቀት አይጠይቅም።

ስንጀምር እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ሺ ሪያል አወጣን። እሷ ራስማል ትለው ነበር፣ ከዐረቦቹ ሰምታ። እኔ መነሻ እለዋለሁ። ከዚያ ውስጥ ማቀዝቀዣ፣ ምድጃ፣ ሦስት ትልልቅ ድስትና ሳሕኖቹን ገዛን። ሦስት ነገር ተስማማን። ገንዘቡ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቆርቆሮውን ሁለታችን ካልሆንን አንከፍትም። ደብተሩን እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም፣ እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ሦስተኛው፣ እያንዳንዳችን በቀን አንድ ሳሕን ከድስቱ እንበላለን፤ እሱ አይጻፍም፣ አይከፈልበትም። ይህን ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ።

ደብተሬን በግራው ገጽ የገባውን፣ በቀኙ ገጽ የወጣውን እያልኩ ነበር የምጽፈው። ስፈራ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሁሉን እጽፋለሁ። ክብሪት እጽፋለሁ። የተበላሸ ቲማቲም በፍሬ ቆጥሬ እጽፋለሁ። እሷ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። «እትዬ፣ ዝንቡንም ጻፊው፤ ከኛ ድስት ነው የበላው» ትለኛለች። ሳቋ ከጓሮ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል፣ እኔ ደግሞ ይህ አያስደስተኝም። የባለቤቴ ኢቃማ ላይ የተመዘገብኩ ሰው ነኝ፣ መሥራት አይፈቀድልኝም፣ ልጅ አለኝ። ድምፅ ሲበዛ ሰው ይመጣል።

እውነቱን ልናገር፣ ከጥቂት ወር በኋላ እርስ በርስ መዋደዱ አልቆ ነበር። ሽንኩርቱን አወፍራ ትከትፋለች እላለሁ። ዘይቱን በጠብታ ትለኪያለሽ፣ ሰው ይታዘበናል ትላለች። በዱቤ ለሁሉም ትሰጣለች፤ ዛሬ የበላው ነገ ተይዞ አገሩ ይገባል፣ እኔ ስሙን ይዤ እቀራለሁ። እኔ ስጮህ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስት ታማስላለች። የተማረ ሰው ከፍ ዝቅ ያደርጋል እንጂ አይሰድብም ትለኛለች። ብዙ ቀን ሳንነጋገር ውለናል፤ «ጨው» ካልን ጨው ብቻ ነው።

የሳሕኑ ነገር የመጣው እንደዚህ ነው።

መጀመሪያ በባሕር ነው የመጣችው። የመን ላይ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ቤተሰቦቿ ገንዘብ እስኪልኩ፣ ሦስት ወር ዘግተውባታል። በረሃብ ሰው ሲወድቅ አይታለች። እዚያ ሆና ተሳለች፤ ከዚህ በሕይወት ከወጣሁ በዚህ ላደርኩበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ የተራበ አበላለሁ ብላ። ዘጠና ቀን። ከወጣች በኋላ ድንበር ላይ ተይዛ ወደ አገር ተመለሰች፤ ለሁለተኛ ጊዜ በውል፣ በአውሮፕላን፣ ለአንዲት ሴትዮ ቤት ሠራተኛ ሆና መጣች። ሴትዮዋ ከፊሏ፣ የኢቃማዋ ኃላፊ፣ ናት። በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እየተቀበለች ውጭ እንድትሠራ ፈቅዳላታለች።

ሥራ ከጀመርን ሁለተኛው ወር ላይ፣ ከሩዝ ድስት አጠገብ ቁጭ ብላ ይህን ነገረችኝ። ከዚያም የራሷን ሳሕን፣ የቀኗን ምሳ፣ ክዳኑን ዘግታ ይዛ ወጣች። ከጎማ ጠጋኙ ግድግዳ ጀርባ ከየመን በኩል የተሻገሩ፣ ሥራ ያላገኙ ልጆች ይቀመጣሉ፤ ለአንዱ ሰጥታ ተመለሰች። እሷ ከድስቱ ሥር ያረረውን ሩዝ በውሃ አርሳ በላች። ለምን ከኪስሽ አሥር ሪያል አውጥተሽ ሌላ ሳሕን አትገዢለትም አልኳት።

«ከኪሴ ቢሆን ቀላል ነበር» አለችኝ። «እኔ የተሳልኩት ከአፌ ነው።»

ቁጥሩ እንዳይጠፋት ፈራች። ግቢው ውስጥ እያለች ቀኑን በክር ቋጥራ ነበር የያዘችው፤ ክሩን ሲፈትሿት ወስደውባታል። ስለት ደግሞ ጎድሎ አይሰጥም። ስለዚህ እኔ እንድጽፍላት ለመነችኝ። በሰጠች ቁጥር አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰምርላታለሁ። ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ፤ የሰጠ ሰው ሰጠሁ ብሎ ካወራ አላህ ዘንድ ባዶውን ይቀራል አለች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን በኛም አገር ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ ይባላል፤ ገባኝ።

መስመሮቹን የት ላስምር? አዲስ ገጽ ማባከን አልወደድኩም። በቀኙ ገጽ ዳር ላይ፣ ከወጪዎቹ አጠገብ፣ ባዶ ቦታ ነበረ። እዚያ አሰመርኩ። ከዚያ በኋላ በሰጠች ቁጥር እዚያው። የሰው ስለት ከሽንኩርትና ከጋዝ ዋጋ ጎን እየተሰለፈ ሄደ። ቁጠባ ነበር ያደረግሁት፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም።

የመለያየቱ ምክንያት ከፊሏ ናት። የኢቃማ ማሳደሻና የራሷ ድርሻ ብላ አራት ሺ ሪያል እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣሽ ሁሩብ አስብልሻለሁ አለቻት። ሁሩብ ማለት ከአሠሪው ጠፍቷል ተብሎ መመዝገብ ነው። እሱ ከተጻፈ በኋላ ሰውየው ኢቃማ ቢኖረውም እንደሌለው ነው፤ ባገኙት ቦታ ይይዙታል፣ ማንም በሕጋዊ መንገድ አይቀጥረውም። ሸሪኬ ተቀማጭ የላትም፤ ያገኘችውን ሁሉ ለእናቷና ለወንድሞቿ ትልካለች። ያላት ከእኔ ጋር ያለው ብቻ ነው። እናፍርሰው፣ ድርሻዬን ስጪኝ አለችኝ።

እኔ ተናደድኩ። የስድስት ወር ኪራይ የሚከፈልበት ሳምንት ነበር፤ ሁለት ሺ አራት መቶ ሪያል። ቤቱ በእኔ ስም ነው፣ የምኖርበትም እኔ ነኝ፣ እሷ ከወጣች የሚመጣው ስድስት ወር ዕዳው የእኔ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ አልተከፈለውም። ጊዜ መርጣ ነው የምትገድለኝ አልኩ። ይህን በፊቷም ተናግሬዋለሁ፤ ሌላም የማይደገም ነገር ተናግሬአለሁ።

እሷ ቆርቆሮውን ከፍተን ለሁለት እንክፈለውና እንሰናበት ነበር ያለችው። ሙሐሲብ ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳታታልለኝ ፈርቼ ነው። ያልተማረ ሰው አያታልልም የሚል አላጋጠመውም እንጂ ያልተማረም ያታልላል ብዬ አሰብኩ።

ሰውዬው አገር ቤት የእህል መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ ይላል። እዚህ የሲሚንቶና የብረት ሱቅ ውስጥ ዕቃ ጠባቂ ነው። ሃምሳ ሪያልና አንድ ምሳ ያስከፍላል፤ ሃያ አምስት ሃያ አምስት አዋጥተን አስቀድመን ሰጠነው። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ደብተሬን ሲገልጥ የጥርስ ሐኪም አፍ የሚከፍት ይመስላል። ይህን ማን ነው የጻፈው አለ። እኔ ነኝ አልኩት። እንደሱ ነው የመሰለኝ አለ።

ከዚያ እያስተማረ ያዋርደን ጀመር። ካፒታል የገባው ነው፣ ንብረት ያለው ነው፣ ትርፍ ከካፒታሉ በላይ የተረፈው ነው አለ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ትርፍ ነው እያላችሁ ስትኖሩ ነበር፣ እናንተ ሰዎች አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ ማታ ከነገው አስቤዛ ያለፈውን ሁሉ ትርፍ ነበር የምንለው። ተሰብሳቢ ሂሳብ የምትባል ነገርም አለች፤ በዱቤ በልተው ያልከፈሉ ሰዎች ዕዳ ናት። እነዚህን ስሞች ጠይቆ መሰብሰብ ይቻላል ወይ አለ።

«አያ ሙሐሲብ፣ እስቲ አንተ ሂድና ሰብስባቸው» አለችው ሸሪኬ። «ግማሾቹ ወሎ ደርሰዋል፤ የአውሮፕላኑን ከኛ ሂሳብ ጻፈው።»

አልሳቀም። የማይሰበሰብ ዕዳ ኪሳራ ነው ብሎ ሁሉንም ሰረዘ። ስሞቹን ሲሰርዝ በእያንዳንዱ ላይ የምናውቀውን ፊት አየሁ፤ ቢሆንም አላዘንኩም፣ አሥር አሥር ሪያል ሲሄድ ነው ያየሁት።

ቀጥሎ ማቀዝቀዣውንና ምድጃውን ዞሮ ዞሮ አየ። በገዛችሁበት ዋጋ አይያዝም፤ ዕቃ በየዓመቱ ያረጃል፣ ከዋጋው የእርጅና ቅናሽ ይነሣለታል አለ። ለዕቃዎቹ ሁሉ አንድ ሺ ሁለት መቶ ሪያል ብቻ ተመነ። ዕቃውን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ይህ ለእኔ መልካም ነበር። እሷም አወቀች።

«ድስቱ ካረጀ እኔስ?» አለችው። «ዓመት ሙሉ እሳት ላይ የቆምኩት የእኔ እርጅና የት ይጻፋል?»

«የሰው አይጻፍም» አላት፤ ቀና ብሎም አላያትም።

አሮጊቷ በዚህ መሐል በበሩ ላይ ሆና በዐረብኛ ትጮህብኛለች። የልጅቱ እናት እያለች ነው የምትጠራኝ። ቤቱን የሚፈልጉ የመኖች አሉ፣ እስከ ጁምዓ ሶላት ገንዘቤ ካልመጣ ዕቃሽ መንገድ ላይ ነው፣ ያላ፣ ያላ። ከወንበሯ ሳትነሣ በከዘራዋ የበሩን ቆርቆሮ ትመታለች። ልጄ በእንቅልፏ ትባንናለች። ሸሪኬ ሁለት ጊዜ ተነሥታ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። እኔ ከደብተሩ አልተነሣሁም።

ሰውዬው ደመረ። ቆርቆሮው ውስጥ ስድስት ሺ ሪያል፤ ዕቃው አንድ ሺ ሁለት መቶ፤ ያልተበላ ሩዝና ዘይት ስምንት መቶ አርባ። በድምሩ ስምንት ሺ አርባ። ስድስት ሺ አስገብታችሁ ስምንት ሺ አርባ ሆኗል፣ የቀረው ትርፍ ነው አለ። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ አራት ሺ ሃያ። ዕቃውና ሩዙ እዚህ ስለሚቀር እሷ ድርሻዋን በጥሬ ገንዘብ ትወስዳለች።

አራት ሺ ሃያ። ለኢቃማዋ የሚያስፈልጋት አራት ሺ ነው። ሸሪኬ አልሐምዱሊላህ አለችና ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረች። በዚያ ሳምንት ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ቀነስኩ። ከስድስት ሺው አራት ሺ ሃያው ሲወጣ የሚቀረኝ አንድ ሺ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነው። በሩ ላይ ያለችው ሁለት ሺ አራት መቶ ትፈልጋለች። አራት መቶ ሃያ ይጎድለኛል። ሳሎኑን አየሁት። ልጄን አየኋት። በከዘራ የሚመታውን በር አየሁት። ማንም የሚያበድረኝ የለም፤ በዱቤ የበሉት ተሰርዘዋል።

ሰውዬው ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ጣቱ ገጹ ዳር ላይ ቆመ።

«ይህ መስመር ምንድን ነው?»

ወደ ኋላ ገለጠ፤ ወደፊት ገለጠ። በየገጹ አለ። በወጪ በኩል ነው የተሰመረው፣ ዋጋ ግን የለውም አለ። ቆጠረው። ሰማንያ ስምንት ሆነ።

«ሳሕን ነው» አልኩ። አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ከአፌ የወጣውም እውነት ነው።

«ማን ወሰደው?»

ወደ እሷ ተመለከትኩ። ሰውዬውም ተመለከታት። አንቺ ነሽ የወሰድሽው አላት። አዎ አለች፤ መዋሸት አልቻለችም። ለምን ነው አላት። ለሽያጭ ነው ወይስ ለራስሽ ሲላት፣ ለሽያጭ አይደለም አለች። ከዚያ በላይ አትናገርም። ብትናገር ሰማንያ ስምንት ቀን የተራበችበት ነገር ባዶ ሊሆንባት ነው። ወደ እኔ ዞረች። እስከ ዛሬ የማየው ያን አዟዟሯን ነው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «አንቺ ንገሪው።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። የራሷ ምሳ ነው፣ የማይጻፈው ነው፣ እኔ ቦታ ስላጣሁ ነው እዚያ ያሰመርኩት። ይህን ለማለት አራተኛ ክፍልም አያስፈልግም። በሩ ተመታ። አሮጊቷ ያላ አለች። እኔም «የሄደ ምግብ ነው፤ የተጻፈው የተጻፈ ነው» አልኩ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ ሰውዬው። ይህ በሂሳብ ስም አለው፤ ሸሪክ ከንግዱ ለግሉ የወሰደው ይባላል፣ ከድርሻው ይነሣል አለ። ሰማንያ ስምንት በአሥር ሪያል ስምንት መቶ ሰማንያ። ግማሹ ያንቺው ስለሆነ ግማሹን ብቻ ነው የምትመልሺው አላት፣ ውለታ እንደሚውልላት ሁሉ። አራት መቶ አርባ ሪያል ተነሣባት። ድርሻዋ ሦስት ሺ አምስት መቶ ሰማንያ ሆነ።

አሁን አራት መቶ ሃያው የጎደለው ለእሷ ነው። ያው ገንዘብ ነው፤ ከእኔ ጉድለት ተነሥቶ የእሷ ጉድለት ሆነ። ለእኔ ኪራዩ ተከፍሎ ሃያ ሪያል ይተርፈኛል።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ እኔም እጮህ ነበር፣ የሽንኩርቱን፣ የዱቤውን፣ የሳቋን ሁሉ አወጣባት ነበር፤ አዘጋጅቼው ነበር። አልጮኸችም። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ገንዘብ መቁጠር ታውቃለች። በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው። ቢላዋዋን ከጓሮ አምጥታ በጋዜጣ ጠቀለለች። ልጄ ዘንድ ሄዳ የእግሯን መዳፍ ሳመች። ከዚያ በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ፊደል የቆጠርሽው ለዚህ ነው?» አለችኝ።

ለሙሐሲቡ ምሳውን አቀረብኩለት። ውሉ ነው። ዶሮ ነበር ያን ቀን። እየበላ ስለ ሂሳብ ንጽሕና አወራልኝ፤ ሰው ሂሳቡ ከጠራ ወዳጅነቱም ይጠራል አለ። ሳሕኑን ከፊቱ ያነሣሁት ሳይጨርስ ነው። አሮጊቷ ገንዘቧን በአንድ እጇ ተቀብላ፣ በሌላ እጇ ወንበሯን አንሥታ ሄደች። ደረሰኝ ስጪኝ ስላት ሰደበችኝ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወልኩላት፤ አላነሣችም። ምን ልላት እንደነበረም አላውቅም፤ ምናልባት ልሰድባት ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት ዱቤ ይበላ የነበረ አንድ ብየዳ ሠራተኛ መጥቶ ነገረኝ። ከፊሏ ሦስት ሺ አምስት መቶውን ተቀብላታለች፤ የጎደለውን እስክታመጣ አልጠበቀቻትም፤ ሁሩብ አስብላታለች። ገንዘቧም ሄደ፣ ኢቃማዋም ሄደ። ይህን ሲነግረኝ ምሳ ሊገዛ ነበር የመጣው። ሳይገዛ ተመለሰ። ከእሱ በኋላ ሌሎችም ቀሩ። ብቻዬን ማብሰል ስላልቻልኩ ድስቱን አሳነስኩ፤ ገዢ ስላልነበረ እሱም ተረፈ። ኪሳራ የሚለውን ቃል ሰውዬው ሲያስረዳ ያልገባኝን ያኔ ለብቻዬ ተማርኩት።

ሲሚንቶው ሱቅ ድረስ ሄጄ ለሙሐሲቡ እውነቱን ነገርኩት። ከብረት ክምሩ መሐል ቆሞ ሰማኝ። እንዲደነግጥ፣ እንዲያፍር ነበር የፈለግሁት። መነጽሩን ጠረገ።

«ደብተር የነገሩትን ነው የሚያውቀው» አለኝ። «እኔ ጠየቅኩ። እሷ አንቺን ጠራች። መለስሽ።»

ረገምኩት። ሰው ሰማኝ፤ ግድ አልሰጠኝም። የረገምኩት ስለዋሸ አይደለም፣ ትክክል ስለነበረ ነው። እስከ ዛሬ በመንገድ ሳገኘው ፊቴን አዞራለሁ።

እሷንም ፈጽሞ ይቅር ብያታለሁ አልልም። ያን ጥያቄ በሰው ፊት ትታብኝ መሄዷ ያናድደኛል። እኔ ያደረግሁትን እሷ በጩኸት ብትካፈለኝ ይቀለኝ ነበር። በዝምታ ጥላብኝ ሄደች። ሌሊት አይደለም የማስበው፤ ሌሊት ደክሞኝ እተኛለሁ። ቀትር ላይ ነው፣ ሩዙ ከድስቱ ሥር ሲይዝና ሽታው ሲመጣ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ሲያኮርፍ መኪናውን የሚያጥብ ሰው ነው፤ ቦቴውን ሁለት ጊዜ አጠበ። ከዚያ ወዲህ ወደ አር-ሪስ በወጣ ቁጥር ይጠይቃል። አንድ ቀን ከላይ፣ ከዳገቱ ቤቶች በአንዱ፣ ለፍየል ሣር የተሸከመች አበሻ አይቻለሁ ያለው ሰው ነበር፤ በሌላው ጊዜ ሲደርስ የለችም፣ እንደዚህ ያለች ሴት አልነበረችም አሉት። ጡዋል በኩል ተይዛለች ያለኝም አለ። አገሯ ገብታ ገበያ ላይ ታይታለች ያለኝም አለ፤ ማን አያት ስለው ሰው ሲያወራ ሰማሁ ነው የሚለው። ስልኳ ዝግ ነው።

አራት መቶ አርባ ሪያሉን ለማጠራቀም አምስት ወር ፈጀብኝ። በጨርቅ ታስሮ በልጄ ልብስ መሐል ተቀምጧል። የቤቱ ዋጋ ጨምሯል፣ አሮጊቷ አሁንም በሩን ትመታለች፤ ከዚያ ጨርቅ ግን አልነካሁም። በደብተሩም ላይ በሰማንያ ስምንቱ መስመሮች አናት «የራሷ ምሳ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን ቀለሙ ይናገራል፤ የበፊቱ ሰማያዊ ነው፣ ይህ ጥቁር።

ከዘጠናው ሁለት ቀርቷት ነበር። በሁለት ቀን ምሳዬን ይዤ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ሄጄ ለሁለት ሰው ሰጠሁ። አንዱ ገና ከድንበር የመጣ ነበር፤ ሳሕኑን ሲቀበለኝ ዋጋው ስንት ነው አለኝ። ያረረውን ሩዝ በውሃ አርሼ በላሁ። መራራ ነው፤ እሷ አንድም ቀን መራራ ነው ብላ አታውቅም። ሁለት መስመር ጨመርኩ። የሰው ስለት በሌላ ሰው አፍ ይፈጸም እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ስሟን አልጽፍም፤ ሁሩብ ያለበት ሰው ስሙ በወረቀት ላይ መገኘት የለበትም። መካከለኛ ቁመት አላት። ከግራ ቅንድቧ በላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ሽንኩርት በግራ እጇ ትከትፋለች፣ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። በአር-ሪስ በኩልም ይሁን፣ በጡዋልም፣ አገር ቤትም፣ ያያት ሰው ካለ ደህና መሆኗን ይንገረኝ።